ካልኩሌተሩን ትንሽ አቆዩት፦ የቴርሞ፣ የኤሌክትሮኬሚስትሪና የፕሮሰስ ጥያቄዎችን የምሠራበት መንገድ

አዲስ አበባ ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? የማስጠናቸው ልጆች በሙሉ መጀመሪያ ከእኔ የሚሰሙት ጥያቄ ይሄ ነው። ገሚሱ «100 ነዋ!» ይላል። ገሚሱ ቀመር ፍለጋ ደብተሩን ይገልጣል፣ ካልኩሌተሩን ያወጣል። «ቆይ፣ ከ100 ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ስላቸው ግን ዝም ይላሉ።

እኔ የተማርኩት ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ነው። ግቢ እያለሁ ከእኔ በታች ያሉትን ልጆች አስጠና ነበር። ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ በኋላም አልተውኩትም። ቴርሞዳይናሚክስ፣ ኤሌክትሮኬሚስትሪና ፕሮሰስ ዲዛይን ግቢ ውስጥ ስማቸው የከበደ ኮርሶች ናቸው። ገና ሳይጀመሩ ሲኒየሮች ያስፈራሯችኋል። የብዙ ልጆችን ደብተር ካየሁ በኋላ ግን ሦስቱም የሚያስቸግሩት በአንድ ምክንያት ይመስለኛል። ልጁ ቀመሩን ያውቀዋል። ምን እየቆጠረ እንዳለና መልሱ የት አካባቢ ማረፍ እንዳለበት ሳይወስን ቁጥር መክተት ይጀምራል። ከዚያ የወጣውን ሁሉ ያምናል፤ ካልኩሌተሩ ብሏላ!

ውሃውን እንሥራው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። በባሕር ጠለል ላይ 101.3 ነው። ግፊቱ ካነሰ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ ስለዚህ መልሱ ከ100 በታች ነው። በምን ያህል? በልምድ የሚያዝ ግምት አለ፤ ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር መፍያው አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። 2,350 ለ300 ሲካፈል 8 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። እንግዲህ 92 አካባቢ ነው። ይህን ቁጥር ወረቀቱ ጥግ ላይ እጽፈዋለሁ።

አሁን ግፊትንና መፍያን የሚያያይዘውን ቀመር፣ ክላውሲየስ ክላፔይሮንን አምጡ። የሁለቱ ግፊቶች ጥምርታ 0.75 ነው፤ ናቹራል ሎጉ ነጌቲቭ 0.287። ውሃ በ100 ዲግሪ ለመትነን የሚወስደው ሙቀት 40.7 ኪሎ ጁል በሞል ነው። ወደ ጁል ቀይራችሁ ለ8.314 ስታካፍሉት 4,895 ኬልቪን ይወጣል። 0.287ን ለዚህ አካፍሉ፤ 0.0000587። ይህንን 1/373.15 ላይ ደምሩና ድምሩን ገልብጡት። 365 ኬልቪን፣ ማለትም 92 ዲግሪ ሴልሲየስ። ጥግ ላይ ካለው ጋር ገጠመ።

እዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ልጅ የሚሳሳተው መደመር ሲገባው ይቀንስና ነው። ያኔ 108 ዲግሪ ይወጣል። ጥግ ላይ 92 የጻፈ ልጅ 108 ሲያይ ወዲያው ይደነግጣል፣ ተመልሶ ሳይኑን ያያል። ያልጻፈው ግን ሁለት መስመር አስምሮበት ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። ለልምምድ ከፈለጋችሁ ዳሎልን ሞክሩ። ከባሕር ጠለል በታች ስለሆነ መልሱ ከ100 በትንሹ ከፍ ማለት አለበት። ብዙ ከፍ ካለባችሁ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል።

ሁለተኛው የታወቀ ወጥመድ ጁልና ኪሎ ጁል ነው። ለዚህ የሲሚንቶ ፋብሪካ ጥያቄ እወዳለሁ። ኖራ ድንጋይ፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት፣ ሲቃጠል ወደ ኖራና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። ዴልታ ኤች (ሪአክሽኑ የሚወስደው ወይም የሚያወጣው ሙቀት) 178 ኪሎ ጁል በሞል ነው። ዴልታ ኤስ (የኢንትሮፒ፣ ማለትም የመበታተን ለውጥ) ደግሞ 160 ጁል በሞል በኬልቪን። ጥያቄው «ከስንት ዲግሪ ጀምሮ ነው ሪአክሽኑ በራሱ የሚሄደው?» የሚል ነው። መጀመሪያ ያለ ቁጥር አስቡት። ሙቀት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዴልታ ኤች ፖዘቲቭ ነው። ከጠጣር ጋዝ ይወጣል፤ ስለዚህ ዴልታ ኤስም ፖዘቲቭ ነው። ሁለቱም ፖዘቲቭ ከሆኑ ሪአክሽኑ በብርድ እምቢ ይላል፣ በሙቀት ይሄዳል። መለወጫው ነጥብ ዴልታ ኤች ሲካፈል ለዴልታ ኤስ ነው።

178 ለ160 ሲካፈል 1.1። ይህን መልስ ስንት ደብተር ላይ እንዳየሁት! 1.1 ኬልቪን ከዜሮ በታች 272 ዲግሪ ነው። እውነት ቢሆን ኖሮ የሙገር ሸለቆ ኖራ ድንጋይ ፋብሪካ ሳይጠብቅ ድሮ ኖራ ሆኖ ባለቀ ነበር። 178ን ወደ 178,000 ጁል ቀይሩት፤ 1,112 ኬልቪን ይሆናል፣ ማለትም 840 ዲግሪ ገደማ። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ኖራ ድንጋዩን የሚያፈርሱበት ክፍል ከ850 እስከ 900 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። መልሱ ከፋብሪካው ጋር ተስማማ ማለት ነው። ዩኒቱን በየመስመሩ ጻፉ የምላችሁ ለንጽሕና ብዬ አይደለም። ኬልቪን ከኬልቪን፣ ሞል ከሞል ሲሰረዝ ዓይናችሁ ካላየ ይህን ስሕተት በሌላ መንገድ አትይዙትም።

የሪአክሽኖችን ዴልታ ኤች እየደመርን የምንሠራበትን የሔስ ሕግ በተመለከተ ብዙ አልልም፤ መደመሩን ሁሉም ይችለዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ውሃው ፈሳሽ ነው ወይስ እንፋሎት? ሚቴን ሲቃጠል የሚወጣው ውሃ ፈሳሽ ከሆነ መልሱ ነጌቲቭ 890 ኪሎ ጁል በሞል ነው፤ እንፋሎት ከሆነ ነጌቲቭ 802። የ88 ልዩነት የመጣው ሁለት ሞል ውሃ በ25 ዲግሪ ለመትነን ከሚወስደው 44፣ 44 ነው። ጥያቄው ቅንፍ ውስጥ ያስቀመጣት ትንሽ ፊደል (l ወይም g) 88 ኪሎ ጁል ታወጣለች።

ኤሌክትሮኬሚስትሪ ላይ ረዘም ላድርግ፤ ልጆች የሚፈሩት እሱን ነው። መጀመሪያ ካቶድና አኖድን መሸምደድ ተዉት። እኔ የኢ ኖት (ኤሌክትሮን የመሳብ ጉልበት በቮልት) ሠንጠረዡን አወጣና አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ ኤሌክትሮን ማን ይወስዳል? ኤሌክትሪክ በሚሰጥ ሴል ውስጥ ትልቁ ኢ ኖት ያለው ይወስዳል፣ ሌላው ይሰጣል። የሴሉ ቮልቴጅ የወሳጁ ሲቀነስ የሰጪው ነው። የሠንጠረዡን ቁጥር አልገለብጥም፣ ሳይኑንም አልቀይርም። መዳብና ዚንክ ከሆነ 0.34 ሲቀነስ ነጌቲቭ 0.76፣ ማለትም 1.10 ቮልት። አለቀ።

አሁን ብርና መዳብ ይሁን። የብር 0.80፣ የመዳብ 0.34 ነው። ሪአክሽኑን ባላንስ ለማድረግ የብሩን መስመር በሁለት ማባዛት አለብን፤ መዳብ ሁለት ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ብር ደግሞ አንድ ብቻ ነው የሚወስደው። ብዙዎች አብረው 0.80ንም በሁለት ያባዙትና 1.26 ቮልት ያመጣሉ። ቮልት አይባዛም። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ስትገዙ የኪሎው ዋጋ እጥፍ አይሆንም፤ እጥፍ የሚሆነው የምትከፍሉት ነው። ትክክለኛው 0.46 ቮልት ነው። የምትከፍሉት ደግሞ ዴልታ ጂ (ከሪአክሽኑ ሊገኝ የሚችለው ኃይል፤ ነጌቲቭ ሲሆን ሪአክሽኑ በራሱ ይሄዳል) ነው፤ እሱ ላይ የኤሌክትሮኑ ቁጥር ይገባል። 2 ሲባዛ በ96,485 ሲባዛ በ0.46፣ ወደ 88.8 ኪሎ ጁል። ሳይኑ ነጌቲቭ ነው፤ ሴሉ ኃይል እየሰጠን ነው።

ኮንሰንትሬሽን ሲለወጥ ቮልቴጁን የሚያሰላው የነርንስት ቀመር ጥያቄ ላይ ደግሞ ይህን ያዙ። በ25 ዲግሪ ሙቀት ኮንሰንትሬሽኑ አሥር እጥፍ ሲለወጥ ቮልቴጁ የሚነቃነቀው በ0.059 ሲካፈል ለኤሌክትሮኑ ቁጥር ብቻ ነው። ለዚንክና ለመዳብ 0.03 ቮልት ገደማ ማለት ነው። የመዳቡን አንድ ሺህ ጊዜ ብታቀጥኑት እንኳ 1.10 ወደ 1.01 ይወርዳል፤ በቃ። ስለዚህ በነርንስት ስታሰሉ ቮልቴጁ በግማሽ ቮልት ከዘለለባችሁ ክዩን (የኮንሰንትሬሽኖቹን ጥምርታ) ገልብጣችሁ ወይም ሎጉን በናቹራል ሎግ ለውጣችሁ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ እነሱን እዩ።

የፋራዴይ ጥያቄዎች፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ስንት ግራም እንደሚለውጥ የሚጠይቁት ላይ ቀመር አልጽፍም። ሰንሰለቱን እጽፋለሁ። አምፔር በሰከንድ ሲባዛ ኩሎምብ። ኩሎምብ ለ96,485 ሲካፈል የኤሌክትሮን ሞል። ያ ለኤሌክትሮኑ ቁጥር ሲካፈል የብረቱ ሞል። ያ በሞላር ማስ ሲባዛ ግራም። ቀመር ይረሳል፤ ሰንሰለት ግን ከየትኛውም ጫፍ መጎተት ይቻላል። ጥያቄው ግራም ሰጥቶ ሰዓት ቢፈልግ ወደ ኋላ መሄድ ብቻ ነው።

የመኪና ባትሪ ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ነው። 12 ቮልት፣ 60 አምፔር ሰዓት። ሙሉ በሙሉ ቢያልቅ ነጌቲቭ ፕሌቶቹ ላይ ስንት እርሳስ ይበላል? 60 ሲባዛ በ3,600፣ 216,000 ኩሎምብ። ለ96,485 ሲካፈል 2.24 ሞል ኤሌክትሮን። እርሳስ ሁለት ኤሌክትሮን ስለሚሰጥ 1.12 ሞል። በ207.2 ሲባዛ 232 ግራም። እዚህ ላይ የሚያቆም አለ። ግን አንድ ሴል የሚሰጠው 2 ቮልት ገደማ ነው፤ 12 ቮልት ለማግኘት ስድስት ሴል በተከታታይ ታስሯል። 232ን ለስድስት የሚያካፍል ልጅም አጋጥሞኛል። ሴሎቹ ግን በሲሪስ ናቸው። ያው ከረንት በስድስቱም ውስጥ ያልፋል፣ ስድስቱም እኩል 232 ግራም ይበላሉ። ጠቅላላው 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። ምክንያታዊ ነው? እንዲህ ያለ ባትሪ 15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የሚበላው ከዚያ በጣም አንሷል፤ ምክንያቱም ፖዘቲቭ ፕሌት፣ አሲድና ጨርሶ የማይበላ እርሳስም አለ። 20 ኪሎ ቢወጣ ኖሮ ችግር ነበር።

ቴርሞና ኤሌክትሮኬሚስትሪ አንድ ናቸው ስል የሚጠራጠር ተማሪ ካለ የውሃ ኤሌክትሮሊሲስን አሳየዋለሁ። ውሃን ለመበተን ዴልታ ጂ 237 ኪሎ ጁል በሞል ነው። ለ2 ሲባዛ በ96,485 አካፍሉት፤ 1.23 ቮልት፣ ያቺ የምትታወቀው ቁጥር። በዴልታ ኤች፣ በ286 ብትሠሩት ደግሞ 1.48 ይመጣል። ልዩነቱን ሙቀት ይሸፍነዋል። ከዚሁ ተነስታችሁ አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ሙቀቱን ጨምሮ ቢያንስ 39 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ እንደሚፈልግ ማስላት ትችላላችሁ። አንድ ጥያቄ ላይ 15 ወጣልኝ ካላችሁ ከተፈጥሮ ጋር ተጣልታችኋል።

ወደ ፕሮሰስ ዲዛይን እንሂድ። እዚህ ቀመር የለም ማለት ይቻላል፤ የሚያስጨንቀውም ለዚህ ይመስለኛል። ተማሪው ገጹ ላይ ሪአክተር፣ ሴፓሬተር፣ ሪሳይክል፣ ፐርጅ ያያል፤ ከየት ልጀምር ይላል። እኔ ሁልጊዜ በሁለት ነገር እጀምራለሁ። አንደኛ፣ ቤዚስ። 100 ኪሎ ወይም 100 ሞል ይዤ እነሳለሁ፤ ጥያቄው በቀን 5,000 ቶን ቢልም መጨረሻ ላይ አባዛዋለሁ። ሁለተኛ፣ በሪአክሽኑም በመትነኑም የማይነካውን ነገር እፈልጋለሁ። እሱ ገብቶ የሚወጣው ሳይለወጥ ስለሆነ ጥያቄው የሚከፈተው በእሱ ነው።

የስኳር ፋብሪካን ውሰዱ። የሸንኮራ ጭማቂ 15 በመቶ ስኳር ይዞ ይገባና 65 በመቶ ሆኖ ይወጣል እንበል። ስንት ውሃ ተነነ? 100 ኪሎ ጭማቂ ውስጥ 15 ኪሎ ስኳር አለ። ስኳር አይተንም። 15 ለ0.65 ሲካፈል 23 ኪሎ ሽሮፕ። የተነነው 77 ኪሎ ውሃ ነው። ይሄን ሁሉ ውሃ በአንድ ማትነኛ ብናስወጣ ወደ 77 ኪሎ እንፋሎት እንፈጃለን፤ አንድ ኪሎ እንፋሎት በግምት አንድ ኪሎ ውሃ ነው የሚያስወጣው። የኒው ኦርሊንሱ ኢንጂነር ኖርበርት ሪልዩ እ.ኤ.አ. በ1843 ፓተንት ያወጣበት ሐሳብ ይሄን ለወጠው። ከመጀመሪያው ማትነኛ የወጣው እንፋሎት ግፊቱ ዝቅ ያለውን ሁለተኛውን ያፈላል፣ የሁለተኛው ሦስተኛውን። አራት ቢደረደሩ 77 ወደ 20 አካባቢ ይወርዳል። ሁለተኛው ለምን ዝቅተኛ ግፊት አስፈለገው? መልሱን ከአዲስ አበባው ውሃ ታገኙታላችሁ።

አሞኒያ ግን የምወደው ጥያቄ ነው፤ ሁሉም ነገር እዚያ ይገናኛል። አንድ ናይትሮጅንና ሦስት ሃይድሮጅን ሁለት አሞኒያ ይሰጣሉ። ዴልታ ኤች ነጌቲቭ 92 ኪሎ ጁል፣ ዴልታ ኤስ ነጌቲቭ 198 ጁል በኬልቪን። እንደ ኖራ ድንጋዩ ብናካፍለው 465 ኬልቪን፣ 190 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። ከዚያ በላይ ዴልታ ጂ ኖት ፖዘቲቭ ነው። ፋብሪካው ግን ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ይሠራል! ጎበዝ ተማሪ እዚህ ላይ «መጽሐፉ ተሳስቷል ወይስ ፋብሪካው?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። የብረቱ ካታሊስት (ሪአክሽኑን የሚያፋጥነው) በዝቅተኛ ሙቀት እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ ስለዚህ ማሞቅ ግድ ነው። ዴልታ ጂ ኖት ደግሞ የሚናገረው ሁሉም ጋዝ በ1 ባር ግፊት ላይ ሲሆን ነው። አራት ሞል ጋዝ ሁለት ስለሚሆን ግፊት ሲጨምር ሚዛኑ ወደ አሞኒያ ያደላል። ለዚህ ነው ከ150 እስከ 250 ባር የሚሠሩት። ኖቷን ያልተጠነቀቀ ተማሪ ካርል ቦሽ ጀርመን፣ ኦፓው ላይ እ.ኤ.አ. በ1913 ያስጀመረውን የአሞኒያ ፋብሪካ «አይሠራም» ብሎ ፈተና ላይ ሊፈርድበት ይችላል።

ያም ሆኖ ጋዙ በአንድ ዙር የሚለወጠው በከፊል ነው። 20 በመቶ እንበል። ያልተለወጠው ተመልሶ ይገባል። ግን መግቢያው ጋዝ ውስጥ 1 በመቶ የማይነካ ነገር አለ፤ አርጎን ለምሳሌ። መውጫ ካላበጀንለት ዙሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ጥቂት ጋዝ በፐርጅ ይለቀቃል። በሚመለሰውና በሚለቀቀው ጋዝ ውስጥ ያለው አርጎን 10 በመቶ እንዲሆን ከፈለግን ፐርጁ ስንት ነው?

ይህን የሚሰጡኝ ልጆች ሪአክተሩ ዙሪያ ገጽ ሙሉ ኢኩዌሽን ደርድረው ነው የሚመጡት። እስክሪብቶ እቀበልና በጠቅላላ ፋብሪካው ዙሪያ አንድ ትልቅ ሳጥን አሰምራለሁ። ሪሳይክሉ ሳጥኑ ውስጥ ቀረ፤ አይቆጠርም። 100 ሞል ገባ፤ በውስጡ 1 ሞል አርጎን። ምርቱ ውስጥ አርጎን የለም ብለን ከያዝን መውጫው ፐርጁ ብቻ ነው፣ እሱ ውስጥ ደግሞ 10 በመቶ ነው። 1 ለ0.10፣ 10 ሞል ፐርጅ። አንድ መስመር።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። ከ10 ሞል ፐርጅ ውስጥ 9ኙ የባከነ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ነው። ከገባው 99 ውስጥ 90 ተለወጠ፤ 45 ሞል አሞኒያ። በአንድ ዙር 20 በመቶ፣ በጠቅላላው ግን 91 በመቶ። አሁን ብቻ ወደ ሪአክተሩ ግቡ፤ በአንድ ዙር 90 ለመለወጥ 450 ሞል መግባት አለበት። 99ኙ አዲስ ነው፣ 351ዱ የተመለሰ። አርጎኑን ሲጨምር ሪሳይክሉ 390 ሞል ነው። ከአዲሱ ጋዝ አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ለማረጋገጥ፦ ከሪአክተሩ ሳይለወጥ የወጣው 360 ነው፤ 351 ሲደመር 9። ገጠመ። ኮምፕሬሰር የሚመርጠው ኢንጂነር የሚያስበው ስለ 390ው ነው፤ ያቺ ሳጥን የገንዘብ ጉዳይ ናት።

በነገራችን ላይ ገበሬ ቤት ያለው የዩሪያ ማዳበሪያ የሚሠራው ከዚሁ አሞኒያ ነው። ከረጢቱ ላይ 46 የሚል ቁጥር አለ። የዩሪያ ሞላር ማስ 60 ነው፣ ናይትሮጅኑ 28። 28 ለ60 ስታካፍሉ 46.7 በመቶ። ከጀማሪዎች ጋር ስቀመጥ በዚህ ነው የማሞቃቸው።

ስለ አጠናን ትንሽ ልበል። ሶሉሽን ማኑዋል ሁሉም እጅ አለ፤ በቴሌግራም ይዞራል። አትንኩት አልልም። እኔ የምመክረው ገጹን በወረቀት ሸፍናችሁ የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ እንድታዩ ነው። ብዙ ጊዜ የተያዛችሁት ቤዚሱ ወይም ድንበሩ (ሳጥኑ) ላይ ነው፤ ያቺ መስመር ትበቃለች። ቀሪውን ራሳችሁ ጨርሱት። በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ባዶ ወረቀት ላይ ድገሙት። ማንበብና መሥራት እንዴት እንደሚለያዩ ያኔ ይገባችኋል።

በቡድን ስታጠኑ ደግሞ ሥራ ተከፋፈሉ። አንዱ ያስላ፤ ሌላው ካልኩሌተር ሳይነካ መልሱን ይገምት። ሁለቱ ሲራራቁ የሚነሳው ክርክር ከየትኛውም ሌክቸር ይሻላል። ፈተና ላይ ሰዓት ሊያልቅባችሁ ከሆነም ሥዕሉን፣ ሳጥኑን፣ ቤዚሱንና የሚጠበቀውን ሳይን ጽፋችሁ ውጡ። አራሚው ነጥብ የሚሰጠው ነገር ይፈልጋል። ስድስት ዲጂት ያለው ባዶ ቁጥር ብቻ ከተዋችሁለትና ከተሳሳተ ምንም ሊሰጣችሁ አይችልም።